የሐይቅ ዳሯን ሰላማዊ መንደር የሠራት ሰው

ዛሬ የማወጋችሁ በየትኛውም ካርታ ላይ ስለማትገኝ አንዲት የሐይቅ ዳር መንደር ነው። ቤቶቿ ኮረብታ ውስጥ ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው። በሮቻቸው ክብ ናቸው። የጓሮ አትክልታቸው ቁልቁል እስከ ውሃው ጠርዝ ይደርሳል። የነዋሪዎቿ ቁመት ከአንድ ጎልማሳ ሰው ግማሽ ቢያህል ነው። በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ፣ ቁርስ ሁለት ጊዜ ይበላሉ፣ እንግዳ ይወዳሉ፤ የዘር ሐረግ መቁጠርማ ዋና ሥራቸው ነው። ስለ ጦርነት ብትጠይቋቸው ግን በዓይኑ ያየ ሰው አታገኙም።

በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ቤታችሁ ካለ ይህችን መንደር ያውቃታል። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ ጎራዴ ታጣቂ፣ አስማተኛ፣ ሌባ እየሆኑ ይጫወታሉ። ዘንዶ ይገድላሉ፣ ዋሻ ይበረብራሉ። ሲደክማቸው ገብተው የሚያርፉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለች የትንንሽ ሰዎች መንደር ነው። ሰዎቹን ሃፍሊንግ ይሏቸዋል፤ ግማሾቹ እንደ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ቁጭ ብዬ አየሁና መንደሯን ማን እንደሠራት ጠየቅኩት። ከጨዋታው ጋር አብራ የመጣች ነው የመሰለችው። አይፈረድበትም። እኔ ግን የሠሪዋን ታሪክ ስለምወደው ላካፍላችሁ። ስሙ ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን ይባላል። ከሞተ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ቶልኪን የእንግሊዝ ደራሲ ይባል እንጂ የተወለደው እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 3 ቀን 1892፣ ቦታው የዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴን ከተማ። አባቱ አርተር እዚያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሕፃኑን ሙቀቱ አልስማማ አለው። በ1895 እናቱ ሜብል እርሱንና ታናሽ ወንድሙን ሂላሪን ይዛ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። አባትየው ሥራውን አስተካክሎ ሊከተላቸው ነበር። አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ታሞ እዚያው ሞተ። ልጁ አራት ዓመቱ ነበር።

አንዲት ባሏ የሞተባት፣ ገቢዋ ትንሽ የሆነ ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ምን ታድርግ? ሜብል ከበርሚንግሃም ከተማ ወጣ ብላ ሴርሆል በምትባል የገጠር መንደር አነስ ያለች ቤት ተከራየች። እንግዲህ ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው።

ሴርሆል ውስጥ በውሃ የሚሠራ ወፍጮ ነበር። ከወፍጮው ጎን ሐይቅ ለማለት የሚያንስ፣ ኩሬ ለማለት የሚበዛ ውሃ ተኝቷል። ባለወፍጮው ጥቁር ጺም ያለው አዛውንት ነው። ልጁ ደግሞ ዱቄት ለብሶ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ነጩ ጭራቅ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። እንጉዳይ ሲለቅሙ ያባረራቸውን ገበሬ ደግሞ ጥቁሩ ጭራቅ አሉት። ኩሬው ላይ ያዘነበለ አንድ የአኻያ ዛፍ ነበር፤ ቶልኪን መውጣት የተማረው በእርሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ዛፉን ቆረጡት። ለምንም አልፈለጉትም፤ ግንዱ እዚያው ተጋድሞ ቀረ። ሰውየው ይህን እስኪያረጅ አልረሳውም።

በዚያ መንደር የኖረው አራት ዓመት ብቻ ነው። እናቱ ላቲን፣ ሥዕልና የዕፅዋትን ጠባይ እያስተማረችው አደገ። በ1900 ሜብል የካቶሊክ እምነትን ተቀበለች። ዘመዶቿ ፊት ነሷት፤ ስታገኘው የነበረው የገንዘብ እርዳታም ቀረ። ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲቀርብ ብላ ወደ ከተማው ጭስ ውስጥ ገባች። በኖቬምበር 1904 በስኳር በሽታ ሞተች፤ 34 ዓመቷ ነበር። ኢንሱሊን የተገኘው ከዚያ 17 ዓመት ቆይቶ ነው። ቶልኪን በ12 ዓመቱ አባትም እናትም የሌለው ሆነ። አሳዳጊው ፍራንሲስ ሞርጋን የሚባሉ ቄስ ነበሩ። እናት፣ ዛፍ፣ ኩሬ፣ መንደር፤ እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህ በልጁ ልብ ውስጥ አንድ ላይ ተቀበሩ፤ አንዱን ያለ ሌላው ማውጣት አይቻልም።

በ16 ዓመቱ እንደ እርሱ ወላጅ አልባ የሆነችውን ኢዲት ብራትን ወደደ። ቄሱ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዳይጽፍላት ከለከሉት። ልጁ ቃሉን ጠበቀ። 21 ዓመት በሞላው ቀን ደብዳቤ ጻፈላት፤ እርሷ ግን ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር። እጮኛዋን ተወችና መጣች። በማርች 1916 ተጋቡ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ።

ትምህርት ቤት ሳሉ አራት የማይለያዩ ጓደኛሞች ነበሩ። ሻይ እየጠጡ፣ መጽሐፍ እየተነጋገሩ አንድ ቀን ለዓለም የሚጠቅም ነገር እንሠራለን ብለው የሚያልሙ ልጆች። ከቶልኪን ሌላ ሮብ ጊልሰን፣ ጄፍሪ ስሚዝና ክሪስቶፈር ዋይዝማን ናቸው። ጦርነቱ አራቱንም ጠራቸው። ቶልኪን የመገናኛ መኮንን ሆኖ በጁን 1916 ፈረንሳይ ገባ። ጁላይ 1 ቀን የሶም ጦርነት ተከፈተ። በዚያች አንድ ቀን ብቻ 19,000 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ። ጊልሰን ከእነርሱ አንዱ ነው። ስሚዝ በዲሴምበር የመድፍ ፍንጣሪ ባቆሰለው ቁስል ሞተ። እርሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ለቶልኪን ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ እኔ ብሞት እንኳ አብረን ያለምነውን አንተ ትናገረዋለህ የሚል መንፈስ ያለው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ይዞ መኖር ምን እንደሚከብድ አስቡት።

ቶልኪንን ከሞት ያተረፈችው ቅማል ናት ብል አልተሳሳትኩም። በቅማል የሚተላለፈው የምሽግ ትኩሳት ያዘውና በኖቬምበር ወደ አገሩ በመርከብ ተመለሰ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በምናቡ የነበረውን ዓለም ተረቶች መጻፍ ጀመረ። በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ከቅርብ ጓደኞቹ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ላይ ሠራ። በ1920 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1925 ደግሞ ኦክስፎርድ ላይ የአንግሎ ሳክሰን ፕሮፌሰር ሆነ። አራት ልጆች ወለደ። ፒፓውን ያጨሳል፣ ፈተና ያርማል፣ ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ይጠጣል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ላይ ወራት ያጠፋል።

ከእነዚያ ቃላት አንዱ እኛን ይመለከታል። የጥንት እንግሊዛውያን መነኮሳት መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉሙ ለኢትዮጵያውያን የተጠቀሙበት ቃል ሲጌልዋራ የሚል ነበር። ቶልኪን በ1932ና በ1934 በሁለት ክፍል ባሳተመው ጥናት ይህን ቃል እየፈታ መረመረው። የመጀመሪያው ግማሽ ፀሐይ ወይም ጌጥ ማለት ይሆናል አለ። ሁለተኛውን ደግሞ ከፍም፣ ከእሳትና ከጥላሸት ጋር አዛመደው። በእርሱ ግምት ቃሉ እንግሊዞች ስለ አፍሪካ ከመስማታቸው በፊት የነበረና የድሮ የሰሜን ተረት ውስጥ ያሉ የእሳት ፍጡራንን የሚጠራ ነው። በኋላ መጽሐፉ ውስጥ የገባው እሳት ለባሹ ጭራቅ ከዚሁ ጥናት ተወለደ የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በኢትዮጵያ ስም የተጀመረ ምርመራ እንዲህ ያለ ቦታ መድረሱ ይገርማል።

የኛ ሰው ፊልሙን ሲያይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው፤ ጎንዶር የሚባለው ባለግንቡ መንግሥት ጎንደር ነው ወይ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1971 ቶልኪን ራሱ በደብዳቤ ተጠይቋል። ስሙ እርሱ በፈጠረው ቋንቋ የድንጋይ አገር ማለት ነው። ቋንቋውን ከፈጠረ በኋላ ነው ለተናጋሪዎቹ አገርና ታሪክ የሰጣቸው፤ የሥራው አካሄድ እንዲያ ነበር።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ሰዎች እንመለስ። በ1930 አካባቢ አንድ የበጋ ቀን የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። አንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ባዶውን ትቶለታል። ቶልኪን ሳያስበው እዚያ ባዶ ገጽ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር አንድ ሆቢት የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ሆቢት ምን እንደሆነ እርሱም አያውቅም ነበር። ቀስ እያለ ለልጆቹ የሚተርከው ታሪክ ሆነ። አሳታሚው የልጆች መጽሐፍ እንዲገመግምለት የሚያሠራው የ10 ዓመት ልጁን ነበር፤ ልጁ ወደደውና ለግምገማው አንድ ሽልንግ ተከፈለው። «ዘ ሆቢት» በሴፕቴምበር 1937 ታተመ። የመጀመሪያዎቹ 1,500 ቅጂዎች ገና ሳይደርስ አለቁ።

ሆቢቶች የሚኖሩበት አገር ሻየር ይባላል፤ ከእንግሊዝ ገጠር የተቀዳ ነው። ቶልኪን ራሱን ከቁመቱ በቀር በሁሉ ነገር ሆቢት አድርጎ ነው የሚያየው። ዛፍ፣ አትክልት ቦታ፣ ማሽን ያልነካው እርሻ፣ ፒፓ፣ ተራ ምግብና እንጉዳይ ይወዳል። ዋናው ጀግና የሚኖርበት ቤት ስም አክስቱ ከነበራት እርሻ የተወሰደ ነው። ሳም የሚባለው ታማኝ አትክልተኛ ደግሞ ምሽግ ውስጥ አብረውት ከነበሩት ተራ ወታደሮች የተቀዳ መሆኑን ተናግሯል። እነዚያን ሰዎች ከራሱ የሚበልጡ አድርጎ ያያቸው ነበር።

አሳታሚው ተከታይ ጠየቀ። ተከታዩን ለመጨረስ 12 ዓመት ፈጀ። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በሦስት ጥራዝ የወጣው በ1954ና በ1955 ነው። አሳታሚዎቹ እስከ 1,000 ፓውንድ እንከስርበታለን ብለው ነበር የገቡበት። የሆነውን ታውቃላችሁ።

ፊልሙን ያያችሁ ብዙዎች ግን የመጽሐፉን መጨረሻ አታውቁትም፤ ተቆርጦ ቀርቷልና። እኔ ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ክፍል ምክንያት ነው። አራቱ ሆቢቶች ዓለምን ያዳነውን ጦርነት ጨርሰው ወደ ሻየር ይመለሳሉ። የሚደርሱት ባይዋተር የምትባል መንደር ነው፤ ስሟ ውሃ ዳር ማለት ነው። አብዛኞቹ ሆቢቶች ዋና አይችሉም፣ ጀልባም ይፈራሉ፤ ባይዋተር ግን ከሰፊ ኩሬ ዳር የተቆረቆረች ናት። የትንንሽ ሰዎችን የሐይቅ ዳር መንደር ከቶልኪን መጽሐፍ ፈልጉ ብትሉኝ የምጠቁማችሁ እርሷን ነው።

ሲደርሱ ምን አገኙ? ከኩሬው በላይ ያሉት ክብ በር ያላቸው ቤቶች ባዶ ናቸው። እስከ ውሃው ይወርድ የነበረውን አትክልት አረም ውጦታል። መንገዱን ያጠለሉ ዛፎች ተቆርጠዋል። በዳርቻው አስቀያሚ አዳዲስ ቤቶች ተደርድረዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ አሮጌው ወፍጮ ፈርሶ ትልቅ ጭሳም ወፍጮ ቆሟል፤ ቆሻሻው ውሃውን አበላሽቶታል። የባለወፍጮው ልጅ ለአጥፊዎቹ አድሯል። ትልቁ የድግስ ዛፍ ተቆርጦ ሜዳው ላይ ተጋድሟል። ያን ያህል መከራ ችሎ የመጣው ሳም ይህን ሲያይ ነው ያለቀሰው።

የሴርሆልን ኩሬ፣ ነጩን ጭራቅና የተቆረጠውን አኻያ አስታወሳችሁ? ቶልኪን ለመጽሐፉ ሁለተኛ እትም በጻፈው መቅድም ላይ፣ ይህ ምዕራፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለችውን እንግሊዝ የሚያሳይ አለመሆኑን ገልጿል። ትንሽም ቢሆን ከሕይወቱ የተወሰደ ነገር ካለው ከልጅነቱ ነው፤ ያደገበት አገር አሥር ዓመት ሳይሞላው በግዴለሽነት ሲፈርስ አይቷል። አርጅቶ ሳለ የዚያ ወፍጮ ፎቶ ከኩሬው ጎን ፈራርሶ ጋዜጣ ላይ ተመልክቷል።

ታዲያ የባይዋተር ሰዎች ተነሱ። ውጊያ ሆነ። 70 የሚያህሉ ወሮበሎች ሞቱ፤ ከሆቢቶቹ 19 ወደቁ። ኮረብታው ጎን ላይ አንድ ላይ ተቀበሩ፤ በኋላም ድንጋይ ቆመላቸው። ያ ሁሉ የዘንዶና የአስማት ታሪክ የሚያልቀው በአንዲት የኩሬ ዳር መንደር፣ በ19 መቃብር ነው። ዋናው ጀግና ፍሮዶ በዚያ ውጊያ ሰይፍ አልመዘዘም። ሥራው የነበረው የተቆጡት ወገኖቹ መሣሪያ የጣለውን ጠላት እንዳይገድሉ መከልከል ነው። ድል ባደረጉ ማግስት ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። ሆቢቶች ለዘመናት በሰላም የኖሩት ዓለም ሰላም ስለሆነች አይደለም። ድንበራቸውን በዝናብና በብርድ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሆቢቶች አያውቋቸውም፤ ሲያገኟቸውም እንደ ወንበዴ ነበር በጎሪጥ የሚያዩዋቸው። ሰላም ሲረዝም ሰው ጠባቂ እንደነበረው ይረሳል። ቶልኪን ይህን የጻፈው ጓደኞቹን ሶም ላይ ትቶ የመጣ ሰው ሆኖ ነው። ፍሮዶም ቤቱ ተመልሶ መኖር አቃተው። መንደሩ ዳነች፣ ዛፉ ተተከለ፣ ልጆች ተወለዱ፤ እርሱ ግን ቁስሉ አልድን ብሎት በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ሌሎች እንዲያገኙት አንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ያጣል። ይህን የተረት መጽሐፍ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም።

ሳም ግን ቀረ። በስጦታ ያገኘውን አንድ ሳጥን አፈር ቆንጥሮ ቆንጥሮ በየተቆረጠው ዛፍ ቦታ በትኖ ችግኝ ተከለ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ድል የአትክልተኛ ድል ነው።

ኢዲት በኖቬምበር 1971 ሞተች። ቶልኪን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 በ81 ዓመቱ ተከተላት። ኦክስፎርድ ውስጥ በአንድ መቃብር ተኝተዋል፤ ድንጋዩ ላይ ከስማቸው ሥር በተረቱ ውስጥ የነበሩ የሁለት ፍቅረኞች ስም፣ ቤረንና ሉቲየን፣ ተቀርጿል።

እርሱ በሞተ በወራት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 1974፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ አወጡ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ነበር። የታተመባት ከተማ ሌክ ጄኔቫ ትባላለች፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት! ጨዋታው ውስጥ ሆቢቶች በስማቸው ገብተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ በስሙ ላይ መብት ያለው ኩባንያ በሕግ መጣባቸውና በኋላ እትሞች ሃፍሊንግ ተባሉ። እርሱም ቃል ቢሆን ቶልኪን መጽሐፉ ውስጥ የጎንዶር ሰዎች ሆቢቶችን እንዲጠሩበት ያደረገው ነው። ስሙ ተቀየረ፣ ክቡ በርና ሁለተኛው ቁርስ ግን አብሮ ተሻገረ። ዛሬ በየጨዋታው የምናገኛት ሰላማዊ የሐይቅ ዳር መንደር ዘሯ ከዚያ ነው።

የሴርሆል ወፍጮስ? የአካባቢው ሰዎች ተከራክረው አስጠገኑት፤ ቶልኪንም ገንዘብ አዋጥቷል። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ኩሬውም አለ። አንድ ልጅ አራት ዓመት ብቻ የኖረበት ቦታ ለሚሊዮኖች ማረፊያ ሆነ። ተጫዋቾች ዘንዶውን ገድለው ወደ መንደሯ ሲገቡ ሁሉም ነገር በቦታው ይጠብቃቸዋል፤ እራት ተዘጋጅቷል፣ ውሃው ረግቷል። ቶልኪን ግን ኮረብታው ጎን ላይ ያለውን የ19ኙን መቃብር ድንጋይም ሠርቶ ነው የሄደው። መንደሯን የሚወድ ሰው ድንጋዩንም አንድ ጊዜ ቢያየው መልካም ነው።

ቸር እንሰንብት።